ለኮሪ ዓሶቹ የሚሆን ወለል፦ የ126 ሊትሩ አኳሪየም ማስታወሻ

ሳምንት 1

መስታወቱ 80 በ35 በ45 ሴንቲ ነው። ሙሉው ሲሰላ 126 ሊትር ይመጣል፣ አሸዋና ድንጋይ ሲገባበት ከላይም ትንሽ ሲጎድል ግን ውሃው 100 ሊትር አካባቢ ነው ሚሆነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ቤት ያለው ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው ነበር፣ ከዛ ቁጭ ብዬ ክብደቱን ስደምር ውሃው 100 ኪሎ፣ አሸዋው 20 ምናምን፣ ድንጋዩ ወደ 10፣ ባለ 8 ሚሊው መስታወት ራሱ 25፣ ከ150 ኪሎ አለፈ። ጠረጴዛውን ትቼ ከወፍራም ጣውላ መቀመጫ ሰራሁለት። በውሃ ልክ ሳየው ቀኙ 3 ሚሊ ዝቅ ብሏል፣ ከእግሩ ስር ስስ ጣውላ ሰካሁበትና ተስተካከለ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ሳምንት ላይ ነው። ዓሳውን ሳልወስን ጠጠር ገዛሁ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ 15 ኪሎ፣ አይን ይስባል። ቤት አምጥቼ ሳጥበው ውሃው ሰማያዊ ሆነ፣ ሁለተኛም ሶስተኛም ባልዲ እንደዛው፣ በጣቴ ጠንከር አድርጌ ሳሸው ልባጡ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ጥፍሬ ስር ይገባል። ቀለም የተቀባ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ በደንብ የተለበጠ አለ፣ ምንም ነገር ውሃ ውስጥ አይለቅም። የኔ ግን እንደዛ አልነበረም። ብሩ እዛው ቀረ።

ከቀለሙ በላይ ግን የተሳሳትኩት ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር፣ ዓሳው መጀመሪያ ወለሉ ቀጥሎ መሆን ነበረበት። እኔ ማሳደግ ምፈልገው ኮሪዶራስ፣ ባጭሩ ኮሪ ሚባለውን ትንሽ ዓሳ ነው፣ ጓደኛዬ ቤት ካየኋቸው ጀምሮ ከልቤ አልወጡም። ኮሪ ኑሮው ወለል ላይ ነው። አፉ ወደታች የዞረ ነው፣ አፉ ዙሪያ ጢም አለው፣ በጢሙ እየዳሰሰ አሸዋውን ይዝቅና ሚበላውን አስቀርቶ ቀሪውን ከጉንጩ ጎን ባለው መተንፈሻ በኩል ያፈሰዋል። እኔ የገዛሁት ጠጠር ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ነው፣ ጠርዙም ስለት አለው። ዓሳው አፉ ውስጥ እንኳን ሊከተው አይችልም፣ ምግቡ በጠጠሮቹ መሀል ወርዶ እዛው ይበሰብሳል፣ ዓሳው ሊደርስበት ሲታገል ጢሙ ይጎዳል። ጢማቸው ሚያልቀው በስለታም ጠጠር ብቻ ነው ሚሉ አሉ፣ ቆሻሻ ወለል ላይ ሚራባው ባክቴሪያም ጢማቸውን ይበላዋል፣ ትልቅ ጠጠር ደግሞ ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ነው ይዞ ሚመጣው።

ሳምንት 2

ሶስት ነገር መሀል ስዋልል ሰነበትኩ። አንዱ አኳሶይል ነው፣ ከሸክላ አፈር ተድቦልቡሎ የተጠበሰ፣ ለተክል ከሱ ሚሻል የለም። ግን መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ለዓሳ መርዝ የሆነ አሞኒያ ይለቃል፣ የውሃውን ኬኤች (የካርቦኔት ጥንካሬ) እና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ያወርዳል፣ አመት ሁለት አመት ሲሆነው ጉልበቱ ያልቃል፣ እንክብሎቹም እየፈረሱ ይሄዳሉ። ከሁሉ ውድ ደግሞ እሱ ነው። እኔ ተክሉ ዋና ጉዳዬ አይደለም ስለዚህ ተውኩት። ሁለተኛው ተፈጥሯዊ ጠጠር ከ2 እስከ 3 ሚሊ፣ ለማጽዳት ከሁሉም ይቀላል፣ ቴትራ ሚባሉትን ትንንሽ ዓሶች ብቻ ላሳድግ ብል እሱን ነበር ምወስደው። ሶስተኛው ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ የሆነ ድቡልቡል አሸዋ። እሱን መረጥኩ። ከግማሽ ሚሊ በታች የሆነውን ደግሞ ፈራሁት፣ በጣም የደቀቀ አሸዋ እርስ በርሱ ተጠቅጥቆ ውስጡ ውሃ አያሳልፍም፣ ፓምፑም በቀላሉ ይስበዋል።

ቀለሙን ጥቁር ቡናማ አደረግኩት። ነጭ አሸዋ ፎቶ ላይ ያምራል ግን ከላይ የመጣውን መብራት መልሶ ወደላይ ያንጸባርቃል፣ ብዙ ዓሶች ደግሞ ወለሉን እያዩ ቀለማቸውን ስለሚያስተካክሉ ነጭ ላይ ይገረጣሉ። ጓደኛዬ ቤት አንድ አይነት ኒዮን ቴትራ በነጭም በጥቁርም ወለል ላይ አይቻለሁ፣ አንድ ዓሳ ነው ብላችሁ አታምኑም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ 80 በ35 ስናባዛ 2800፣ የአሸዋው ጥልቀት ከፊት 3 ከኋላ 7 ሴንቲ ማለት በአማካይ 5፣ ስለዚህ 14 ሺ ኪዩቢክ ሴንቲ፣ ማለትም 14 ሊትር አሸዋ። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.5 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን 21 ኪሎ። 25 ኪሎ ገዛሁ።

ማጠቡ ግን ጉድ ነው። መጀመሪያ ባልዲውን ግማሽ ድረስ በአሸዋ ሞልቼ በእጄ ማማሰል ጀመርኩ፣ ውሃውን ስደፋ አሸዋውም አብሮ ይሄዳል፣ ከስር ያለው ደግሞ አልተነካም። ሶስት ጊዜ ደጋግሜ ምንም ለውጥ የለም፣ ወገቤ ብቻ ተጎዳ። በኋላ ዘዴውን ቀየርኩ፣ በአንድ ጊዜ 3 ኪሎ ብቻ አድርጌ የውሃውን ጎማ ጫፍ እስከ ባልዲው ታች ድረስ አስገብቼ ከፈትኩት፣ ውሃው ከታች ወደላይ ሲገፋ አሸዋው ይነሳል ድፍርሱ በባልዲው አፍ ይፈሳል፣ አሸዋው ከበድ ስለሚል ተመልሶ ይወርዳል። አንዱ ዙር 7 ወይ 8 ደቂቃ ወሰደብኝ። መጥራቱን ማረጋገጫዬ ደግሞ አንድ እፍኝ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ከትቶ መናጥ ነው፣ ከደቂቃ በኋላ ማዶ ያለው ነገር በውሃው ውስጥ ከታየ በቃ ደርሷል። ሳሙና በፍጹም የለም፣ ባልዲውም ሳሙና ነክቶት ማያውቅ አዲስ ባልዲ ነው።

ሳምንት 3

ድንጋይ። አራት ሰብስቤያለሁ፣ ሁለቱ ጥቁር ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጣ ያለ መስመር ያለበት በጣም የወደድኩት። በብሩሽና በፈላ ውሃ አጠብኳቸው። ድስት ውስጥ ከትቼ ልቀቅላቸው ነበር፣ ጓደኛዬ ነው ያስቆመኝ፣ ድንጋይ ውስጡ የታመቀ ውሃ ወይ አየር ካለው ሲግል ሊፈነዳ ይችላል አለኝ። የፈላ ውሃ ከላይ ማፍሰስ ይበቃል።

ከዛ የአቼቶ ሙከራ። ድንጋዩን ቧጨር አድርጎ አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው፣ ፍሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት አለው ማለት ነው፣ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ እየሟሟ የውሃውን ጥንካሬና ፒኤች ይጨምራል። የኖራ ድንጋይ፣ ኮራል፣ ዛጎል ሁሉ እንደዛ ናቸው። ይሄ ለማላዊና ለታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊድ ሚባሉ ዓሶች ጥሩ ነው፣ የነሱ ውሃ ጠንካራና አልካላይን (ፒኤቹ ከፍ ያለ) ነው። ለስላሳ ውሃ ለሚወዱት ለቴትራና ለመሰሎቹ ግን ተቃራኒው ነው።

አራቱም ዝም አሉ። አንድ አረፋ የለም። ደስ ብሎኝ ወደ መስታወቱ ልወስዳቸው ነበር፣ ግን ባለ መስመሩ ድንጋይ ልቤን አላሳረፈውም። ጓደኛዬ የሰጠኝ ቴስት ኪት ስለነበረ እያንዳንዱን በየራሱ ባልዲ ዘፍዝፌ ሳምንት ላቆይ አልኩ፣ አምስተኛ ባልዲ ባዶ ውሃ ብቻ ለማወዳደሪያ።

ከሰባት ቀን በኋላ ኬኤች ለካሁ። 5 ሚሊ ውሃ ብልቃጡ ውስጥ ይደረጋል፣ ጠብታ በጠብታ እየቆጠሩ መነቅነቅ ነው፣ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ሲዞር ያለው የጠብታ ቁጥር ነው ውጤቱ። ባዶው ባልዲ 4። ጥቁሮቹ 4፣ 4። ግራጫው 4። ባለ መስመሩ ላይ አራተኛው ጠብታ ሰማያዊ፣ አምስተኛው ሰማያዊ፣ ስድስተኛውም፣ ሰባተኛው ላይ ነው ቢጫ የሆነው። ተሳስቻለሁ ብዬ ደገምኩት፣ ያው 7። ለካ አቼቶ ደካማ አሲድ ነው፣ ዶሎማይት (ማግኒዥየም ያለው ካርቦኔት) ያለበት ድንጋይ ላይ አረፋው ከመዘግየቱና ከማነሱ የተነሳ በአይን ላይታይ ይችላል። በጣም ነው ያዘንኩት ምክንያቱም ሙሉ ዲዛይኑን በሱ ዙሪያ ነበር ያሰብኩት። አወጣሁት። አሁን መስኮት ላይ ተቀምጧል። ከአቼቶው ይልቅ የባልዲውን ሙከራ እመኑ፣ ሳምንት ይፈጃል እንጂ አይዋሽም።

ሳምንት 4 እና 5

እንጨት። ስፓይደር ውድ ሚሉት ቅርንጫፉ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ አይነት ነው የወሰድኩት፣ ሻጩ "ዝግጁ ነው በቀጥታ መክተት ትችላለህ" ብሎኝ ነበር። አልነበረም። ቅርንጫፉ 50 ሴንቲ ስለሚዘረጋ የትኛውም ድስት አይችለውም፣ ስለዚህ አንዱን ጎን ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ገልብጬ ሌላኛውን አንድ ሰዓት ቀቀልኩት፣ መሀሉን በጆግ እያፈሰስኩ። ውሃው ቀጠን ያለ ሻይ መሰለ። እንጨቱ ሚለቀው ታኒን ነው፣ ለዓሳ ጉዳት የለውም፣ እንደውም ኒዮንም ብዙ ኮሪም በተፈጥሮ ሚኖሩት የአማዞን ተፋሰስ ውስጥ እንዲህ ባለ የጠቆረ ውሃ ነው። ውሃው ቢጫ እንዳይሆንባችሁ ከፈለጋችሁ አክቲቬትድ ካርቦን ፊልተር ውስጥ መክተት ይቻላል፣ እኔ አላደረግኩም።

መንሳፈፉ ነው የባሰው። ትልቅ ፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፌ ጡብ ጫንኩበት። በ5ኛው ቀን ጡቡን ሳነሳ እንደ ቡሽ ብቅ። በ9ኛው ቀንም ብቅ። በ14ኛው ቀን አንደኛው ጫፉ ወለሉን ነካ ሌላኛው ግን አየር ላይ ነው። ትዕግስቴ አለቀና እግሩን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ላስረው ወሰንኩ። ብሎኑ ማይዝግ ስቲል መሆን አለበት፣ ድንጋዩን በመሰርሰሪያ ቀስ ብዬ ውሃ እያፈሰስኩበት በስቼ ከስር ወደ እንጨቱ አስገባሁት። የመጀመሪያው ድንጋይ ተሰነጠቀብኝ፣ ጫፉ ላይ ስለበሳሁት ነው። ሁለተኛውን ከጠርዙ 5 ሴንቲ ገባ ብዬ በስቼ ያዘ።

እግረ መንገዴን፣ ከዛፍ ላይ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት አትክተቱ፣ ሙጫና ፈሳሽ አለው ይበሰብሳል። የጽድ አይነት ዝፍት ያለውንም እንደዛው።

ሳምንት 6

ዝርጋታ። ይሄን ሳምንት ስጠብቀው ነው የኖርኩት።

መጀመሪያ አሸዋውን አፍስሼ ከላዩ ድንጋዩን ላደርግ ነበር። ትክክለኛው ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ከባዱ ድንጋይ መስታወቱ ወለል ላይ ስስ ፎም ተነጥፎለት ይቀመጣል፣ አሸዋው ዙሪያውን ይሞላል። ድንጋዩ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ሚቆፍር ዓሳ ከስሩ ሲያወጣበት ይንሸራተታል፣ ወይ ዓሳው ላይ ወይ መስታወቱ ላይ ይወድቃል።

አቀማመጡን ሶስት ቀን ሞከርኩ፣ በየሙከራው ፎቶ አንስቼ። በአይን ሳየው ጥሩ የመሰለኝ ፎቶው ላይ ተራ ሆኖ አገኘዋለሁ። ትልቁን ድንጋይ መሀል ላይ ሳደርገው ሁሉም ነገር ለሁለት ተከፈለ፣ ከአንድ ጎን አንድ ሶስተኛው ላይ ሳደርገው ግን ወዲያው ህይወት አገኘ። ታካሺ አማኖ የሚባለው ጃፓናዊ ፎቶ አንሺ (1954–2015) ያስፋፋው ኢዋጉሚ ሚሉት የድንጋይ አደራደር ላይ ድንጋዮቹ ቁጥራቸው ጎዶሎ ይሆናል፣ አንዱ ዋና ሌሎቹ አጃቢ። ባለ መስመሩ ስለወጣ ሶስት ነው የቀሩኝ፣ ለዚህስ ጠቀመኝ። ታናሽ እህቴ ከኋላዬ ቆማ "ወንድምዬ ትንሽ ወደ ግራ አዙረው፣ ፊቱ እኮ ግድግዳውን ነው ሚያየው" አለች፣ አዞርኩት፣ እውነቷን ነው፣ የድንጋዩ ጠርዝ ከእንጨቱ ቅርንጫፍ ጋር አንድ አቅጣጫ ያዘ።

አንድ ጌጥም ነበረኝ፣ ከሴራሚክ የተሰራ ግንብ። ሁለት ነገር አየሁበት። ስቶኪንግ አምጥቼ ዙሪያውን ሳሽከረክርበት ሁለት ቦታ ላይ ክሩን ያዘው፣ ስቶኪንግ የያዘ ጠርዝ የዓሳ ክንፍም ይቀዳል፣ ለቤታ አይነት ረጅም ክንፍ ላለው ዓሳማ በጣም አደገኛ ነው። በአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩት። ሁለተኛው ግን መፍትሄ የለውም፣ መስኮቱ 2 ሴንቲ ነው፣ ትንሽ ኮሪ ገብቶበት ሲያድግ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። ወይ በደንብ ሚያስገባና ሚያስወጣ ቀዳዳ ወይ ጭራሽ ማያስገባ ነው መሆን ያለበት። አስቀረሁት።

አሸዋውን ሞላሁ፣ ከፊት 3 ከኋላ 7። ውሃ ሲገባ ቁልቁለቱ እንዳይናድ አሸዋው ላይ ሳህን አድርጌ ሳህኑ ላይ ነው ቀስ እያልኩ ያፈሰስኩት። እንዲህም ሆኖ ደፈረሰ። እዚህ ላይ ነው የቸኮልኩት፣ ፊልተሩ ያጠራዋል ብዬ ወዲያው አበራሁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የጥርስ ማፋጨት አይነት ድምጽ ጀመረ። ፈትቼ ሳየው አሸዋ ኢምፔለሩ (ውሃውን ሚገፋው ተሽከርካሪ) ስር ገብቶ ዘንጉን ፍቆታል። አጠብኩት ይሰራል፣ ድምጹ ግን እስከዛሬ አልጠፋም፣ ኢምፔለሩን ብቻ ለይቶ መግዛት ይቻላል እሱን እቀይራለሁ። ማድረግ የነበረብኝ ድፍርሱ እስኪወርድ አንድ ሌሊት መጠበቅ፣ የፊልተሩ መሳቢያ አፍ ላይ ስፖንጅ ማልበስ፣ መሳቢያውንም ከአሸዋው ቢያንስ 10 ሴንቲ ከፍ ማድረግ ነበር። አሁን ሁሉንም አድርጌዋለሁ።

ሳምንት 7 እስከ 11

ተክል፣ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን። አኑቢያሱን እንደማንኛውም ተክል አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት፣ በሁለት ሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ፣ ስነቅለው ግንዱ ለስላሳ ሆኖ ይሸታል። ሪዞም ሚባለው አግዳሚ ወፍራም ግንዱ መቀበር የለበትም፣ ስሩ ብቻ ነው ሚቀበረው ወይ ጭራሽ አይቀበርም። የበሰበሰውን ቆርጬ የቀረውን ጄል በሆነ ሱፐርግሉ እንጨቱ ላይ ለጠፍኩት፣ ሱፐርግሉ ሚሰራበት ሳያኖአክሪሌት ሲደርቅ ለዓሳ ችግር የለውም። ከኋላ በኩል ቫሊስኔሪያ ተከልኩ፣ እሱ በስሩ ነው ሚመገበው፣ አሸዋ ደግሞ ባዶ ነገር ስለሆነ ስሩ አጠገብ የማዳበሪያ እንክብል ቀበርኩለት።

ውሃው ላይ አሞኒያ እስከ 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም) ጨምሬ እሱን ሚበላው ባክቴሪያ እስኪለምድ ጠበቅኩ። ባክቴሪያው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። ባክቴሪያው ፊልተሩ ላይ ብቻ ሳይሆን አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ እንጨቱ ላይም ነው ሚቀመጠው፣ ስለዚህ ወለል ከዚህ በኋላ መቀየር ቀላል ነገር አይደለም፣ አሁን ካልወሰናችሁ በኋላ የለመደ ባክቴሪያ አብራችሁ ነው ምትጥሉት። መጠበቅ ከጀመርኩ በ5ኛው ሳምንት 2 ፒፒኤሙ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነ።

በዚህ መሀል ሁለት ነገር አስደንግጦኝ ነበር። እንጨቱ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ዝልግልግ ነገር በቀለ፣ ሁለት ጊዜ አውጥቼ በብሩሽ ፈተግኩት፣ በሶስተኛው ተውኩት፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ በራሱ ጠፋ። እንጨቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ሚበላ ፈንገስና ባክቴሪያ ነው፣ ምግቡን ሲጨርስ ይሄዳል። ሌላው አሸዋው ላይ ቡናማ ዱቄት መሰለ፣ ዲያተም ሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፣ አዲስ አኳሪየም ላይ የተለመደ። በጣት ሲነካ ብን ብሎ ይነሳል። ይሄም ቀስ በቀስ ቀነሰ።

ሳምንት 12

ስድስት ኮሪ ገቡ። ብቻቸውን መሆን አይወዱም፣ ከስድስት በታች ባይሆን ይመረጣል። ከከረጢቱ ሲወጡ እንጨቱ ስር ተሰብስበው ቀሩ፣ ግማሽ ሰዓት አንድም አልተንቀሳቀሰም። መብራቱን አጥፍቼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ የወጣው ትንሹ ነው። ወደ ፊት ባለው ስስ አሸዋ ላይ መጣና ጢሙን ሁለቴ አስነካ፣ ከዛ አፍንጫውን እስከ አይኑ ድረስ አሸዋው ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው በሁለቱም ጉንጩ ጎን አሸዋ እንደ ቀጭን ክር ፈሰሰ። ከዛ ሌላው፣ ከዛ ሁሉም። የዛን ሁሉ ባልዲ አሸዋ ድካም በዛች ደቂቃ ረሳሁት። እህቴን ጠራኋት፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር እራት ሰዓት አለፈን።

ሳምንት 17

የኋላው ቫሊስኔሪያ አጠገብ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ፣ በመስታወቱ በኩል ሲታይ አሸዋው ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። በቀጭን እንጨት ስወጋው አረፋ ወጣ፣ አረፋው ላይ ስሸት የገማ እንቁላል ሽታ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ኦክስጅን ማይደርስበት የተጠቀጠቀ አሸዋ ውስጥ ይፈጠራል። ያ ቦታ ላይ 7 ሴንቲ ብዬ የለካሁት በተናደው አሸዋ 9 ሆኗል፣ ኮሪዎቹም ከድንጋዩ ጀርባ ስለማይደርሱ ማንም አያገላብጠውም።

በአንድ ጊዜ ሁሉንም አልበጠበጥኩትም፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ጥግ፣ ውሃ እየቀየርኩ፣ ትርፉን አሸዋ በሲፎን (በውሃ መሳቢያ ቱቦ) እየሳብኩ 5 ሴንቲ ድረስ አወረድኩት። ድንጋዩንም 4 ሴንቲ ወደ ፊት አመጣሁት፣ ዓሶቹ በጀርባው በኩል እንዲያልፉ። ማሌዥያን ትራምፔት ሚባሉትን ቀንድ አውጣዎች አምስት ጨመርኩ፣ ቀን ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ይውላሉ፣ በመሄዳቸው ብቻ አሸዋውን ያላሉታል። ምግብ ከበዛ በጣም ይራባሉ፣ ስለዚህ የዓሶቹን ምግብ በዚያው ቀነስኩ።

ጽዳቱንም ቀይሬዋለሁ። ሲፎኑን እንደ ጠጠር አሸዋ ውስጥ አልሰካውም፣ ከላዩ 2 ሴንቲ ከፍ አድርጌ አዞረዋለሁ፣ ቆሻሻው ቀላል ስለሆነ ይነሳል አሸዋው ይቀራል። የተወሰነ መሳቡ ግን አይቀርም፣ ከ25 ኪሎው የተረፈውን 4 ኪሎ አጥቤ አድርቄ ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጬዋለሁ፣ ከፊት ሲሳሳ ከሱ እጨምራለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሳይ ጥቁሩ ነጠብጣብ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። ትንሹ ኮሪ ከድንጋዩ ጀርባ ነበር።